ለአንድ አዋቂ አሥር ልጅ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ቀርቦ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ልጆቻችን ትምህርት እናወጋለን። ወሬያችን የሚያርፈው ጎጃም ደጋ፣ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላይ ነው። የምንጀምረው ግን ከመዲና ነው።

በሂጅራ 2ኛው ዓመት የበድር ውጊያ ተደርጎ ሙስሊሞች ድል ካደረጉ በኋላ ሰባ ያህል ምርኮኞች በእጃቸው ገቡ። በዘመኑ ልማድ ምርኮኛ በገንዘብ ይዋጅ ነበር። የባለጸጋው ቤዛ እስከ አራት ሺህ ዲርሃም ይደርስ እንደነበር የሲራ ሊቃውንት ጽፈዋል። ከምርኮኞቹ መካከል ግን ገንዘብ የሌላቸው፣ ሆኖም ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለእነዚህ ሌላ ቤዛ ወሰኑላቸው። እያንዳንዱ አሥር የመዲና ልጆችን መጻፍ እንዲያስተምርና ልጆቹ ሲችሉ እርሱ በነጻ እንዲለቀቅ ተደረገ። በዚህ መንገድ መጻፍ ከተማሩት ልጆች አንዱ ዘይድ ቢን ሣቢት (ረ.ዐ.) እንደነበር ተዘግቧል። ያ ልጅ አድጎ የወሕይ ጸሐፊ ሆነ። በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመንም ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የመሰብሰብ ከባድ አደራ የተጣለው በእርሱ ላይ ነው።

ነገሩን እናስተውለው። መዲና ያን ጊዜ ድሃ ከተማ ነበረች። ሙሃጂሮቹ ቤት ንብረታቸውን መካ ጥለው የመጡ ናቸው። ዲርሃሙ ባስፈለጋቸው ሰዓት ገንዘቡ ቀርቶ የልጆቹ ትምህርት ተመረጠ። ሕንጻ አልነበረም፤ ወንበርም ሰሌዳም አልነበረም። የነበሩት አንድ አዋቂ፣ አሥር ልጆች፣ ልጆቹን የላኩ ወላጆችና ወጪውን የተሸከመ ጀማዓ ናቸው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት በጎጃምም ሆነ በሌሎች የክልሉ አካባቢዎች እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተጎዱም አሉ። በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ የክልሉ ትምህርት ቢሮ አስታውቆ ነበር። ሁለት ዓመት ደብተር ሳይነካ የከረመ ልጅ በሩ ቢከፈትለት እንኳ የተወውን ቦታ አያገኘውም። በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል የተባለው ልጅ ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል፤ ከእኩዮቹ ጋር ሳይሆን ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን አንድ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ትምህርት በማን ትከሻ ላይ ይቆያል? መልሱን ከራሳችን ታሪክ እንፈልገው።

ርስት ያልነበራቸው ቤቶች

በጎጃም ደጋ ሙስሊሙ ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከመቶ 2.5 ያህል ነበር። በደብረ ማርቆስ ከተማ ደግሞ ከ62 ሺህ በላይ ከነበረው ነዋሪ ውስጥ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር። ጥቂት ይሁን እንጂ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ባሶ ሊበን በሚባለው ወረዳ፣ በየጁቤ አቅራቢያ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በ1830ዎቹ በአካባቢው የቆየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከምጽዋ በኩል ጨርቅና ዶቃ ይገባል፤ መገበያያው አሞሌ ጨው ነው። የሰው ልጅም በዚያ ገበያ ይሸጥ እንደነበር አንደብቅም። ታሪክ የሚነገረው ለመማሪያ እንጂ ለመኩራሪያ ብቻ አይደለምና።

በዚህ ንግድ ዋነኞቹ ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። በደጋው አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አይይዝም ነበር። ስለዚህ ኑሮው በሲራራ ንግድ፣ በሸማ ሥራና በመሳሰለው የእጅ ሙያ ላይ ተመሠረተ። እስቲ እናስበው! ለልጁ የሚያወርሰው መሬት የሌለው አባት ምን ያወርሳል? ሙያውን፣ ዲኑንና ዕውቀቱን ያወርሳል። መሬት ያለው ሰው ልጁ ባይማር እርሻው ይቀረዋል። መሬት የሌለው ሰው ልጁ ካልተማረ ግን ምንም አይቀረውም።

ሲራራ ነጋዴ ደግሞ አንዴ ከወጣ ለወራት አይመለስም። አባት ዓባይን ተሻግሮ ሲከርም ቤቱን የምትይዘው እናት ናት። ልጁን ለቁርኣን ቤት ቀስቅሳ የምትልከው፣ ማታም ምን ይዞ እንደተመለሰ የምትጠይቀው እርሷ ናት። ስለ ዒልም ታሪክ ስናወራ የሸኾችን ስም እንጠራለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከሸኹ ፊት ልጁን ያስቀመጠችው እናት ስሟ በየትኛውም ኪታብ ዳር አልተጻፈም።

ሊቁ ኢማም ሻፊዒይ (ረ.ዐ.) አባታቸው ገና ሕፃን ሳሉ ሞቶባቸው በድሃ እናት እጅ አደጉ። እናታቸው ለመምህሩ የምትከፍለው አልነበራትም። መምህሩም በክፍያው ፋንታ ልጁ ሌሎቹን ልጆች እያስጠና እንዲረዳቸው ተስማምተው ተቀበሉት። እናት የሌላትን ገንዘብ አልሰጠችም፤ ልጇን ግን አልከለከለችም። መምህሩም ድህነቷን አይተው በር አልዘጉባትም። ዛሬ በመላው ዓለም በመዝሀባቸው የሚመሩ ሚሊዮኖች የዚያች እናትና የዚያ መምህር ስምምነት ፍሬ ናቸው።

ደረሳውን ማን አበላው?

ልጁ አሊፍ ባውን በእንጨት ለውህ ላይ ይጀምራል። ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። የዕለቱን ቂርኣት ጽፎ፣ ቀርቶ፣ በቃሉ ሲይዘው ለውሁን አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። ቁርኣንን ሲያኸትም ቤተሰቡም ጎረቤቱም ደስ ይለዋል፤ እንደ አቅሙም ይደግሳል።

ከዚያ በላይ ፊቅህ፣ ነሕውና ተፍሲር መቅራት የፈለገ ልጅ ግን ከቤቱ መውጣት ነበረበት። ትልልቆቹ የዒልም ማዕከላት በወሎ ነበሩ። ዳና፣ ጌታ፣ ጃማ ንጉሥና ሌሎችም ከየአገሩ የሚመጣ ደረሳ የሚጎርፍባቸው ስፍራዎች ናቸው። ደረሳው ስንቁ በመንገድ ያልቃል። ሸኹም የወር ደመወዝ የላቸውም። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ማን አበላው?

ያበላው የአካባቢው ሰው ነው። ገበሬው ከአዝመራው ዘካውንና ሶደቃውን ያወጣል። እናቶች ከምጣዳቸው ለደረሳ ያነሣሉ። ደረሳውም በበኩሉ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የሸኹን እርሻ ያግዛል። ይህ ሥርዓት ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። በመዲና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ጥግ አስሓቡ ሱፋ የሚባሉ ድሆች ዒልም ለመሻት ይኖሩ ነበር፤ ሰሓቦችም በየማታው እየተከፋፈሉ ወደ ቤታቸው ወስደው ያበሏቸው ነበር። ብዙ ሐዲሥ ያስተላለፉልን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከእነዚያ አንዱ ናቸው። አንድ ሰሓባ ለአንድ የተራበ ተማሪ ያቀረበው እራት ስንት ዒልም እንዳተረፈልን አላህ ያውቀዋል።

በጎጃም ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖችም ዘንድ ተመሳሳይ ልማድ አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ናት። ወደ ዋሸራና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ከየአውራጃው የመጣው የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲቆም ባለቤቲቱ ከሌማቷ ቆርሳ ትሰጠዋለች። የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቀውም። ምናልባት የእርሷም ልጅ በሌላ አገር እንዲሁ ደጅ ቆሞ ይሆናል። ሃይማኖታችን ለየቅል ነው። የሚማር ልጅ ጦሙን አይደር በሚለው ግን የደጋው ሰው አንድ ነበር።

በዚያ ዘመን ፊደል የማይቆጥረው ሕዝብም ከትምህርት ውጭ አልነበረም። ከ1928 ዓ.ም. በፊት የኖሩት የወሎው ታላቅ ዓሊም ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎችን አዘጋጅተዋል። ማንበብ የማይችለው ሰው ዲኑን በዜማ እየሰማ ይማር ነበር። እናት እንጀራ ስትጋግር የምታዜመውን ልጅ አጠገቧ ሆኖ ይይዘዋል።

በሩ ሲዘጋ

በር የተዘጋው ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አዋጅ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ ሸኽ ጦልሐን የመሰሉት በግልጽ ተቃወሙ፤ ሌሎች ደግሞ በይፋ ክርስትና ተነስተው በቤታቸው ሙስሊም ሆነው ቆዩ። ያ ትውልድ ዲኑን ለልጁ ያስተላለፈው በምን ነበር? በአደባባይ የሚቀመጥ ሐለቃ በሌለበት ጊዜ የቀረው ቤት ነበር። በምሽት፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ በእናትና በአያት አፍ ተላለፈ። ሕንጻ ይፈርሳል፤ አዋጅም ይወጣል፤ ይሻራልም። ቤት ግን ለልጁ መድረሳ ሆኖ ይቀራል።

በቅርቡም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ያየነው አንድ ነገር አለ። ማታ ማታ የሚያስጠናው ሰው የነበረው ልጅ ሲመለስ ብዙ አልተቸገረም። ማንም ያልጠየቀው ልጅ ግን የሚያውቀውንም ረስቶ ተመለሰ።

ፊደልና አሊፍ በአንድ ቤት

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዘመናዊ ትምህርት ቀስ በቀስ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲዳረስ ብዙ ሙስሊም ወላጆች ልጆቻቸውን ለመላክ አመነቱ። ልጃችን ዲኑን ይጥላል ብለው ሰጉ። ስጋታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም፤ መንግሥቱ የአንድ ሃይማኖት መንግሥት ነበርና። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ልጁ ቁርኣን ቀርቶ ማመልከቻ መጻፍ ሳይችል፣ ደርሶ የሰው ደጅ ጠኚ ሆነ።

ሁለቱን ያቀራረቡ ሥራዎች ኋላ መጡ። በ1961 ዓ.ም. ሸኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የተሳተፉበት የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታተመ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ፊደል የቆጠረች እናት ልጇ በዐረብኛ የቀራውን ትርጉም ከፍታ ልታይለት ቻለች። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ከብዙ ክርስቲያን ወገኖቹ ጋር ወጥቶ የእኩልነት ጥያቄ አቀረበ። በ1967 ዓ.ም. ዒዶቻችንና መውሊድ በብሔራዊ በዓልነት ታወጁ። ይህ ለአዋቂው የክብር ጉዳይ ነበር። ለተማሪው ልጅ ደግሞ በዒድ ቀን ከሰላትና ከትምህርት አንዱን ከመምረጥ መገላገል ማለት ነው።

ልጅ አባቱን ያስተማረበት ጊዜ

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። የደርግ መንግሥት ስለ ሃይማኖት የነበረው አቋም የታወቀ ነው፤ እርሱን ዛሬ አናነሣም። ዘመቻው ግን ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። የተማረው ላልተማረው ይድረስ ነበር መመሪያው። በየቀበሌው ጎልማሶች ከሥራ መልስ በኩራዝ ብርሃን ተቀምጠው «ሀ ሁ» አሉ። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ለአባቱ እኩዮች መምህር ሆነ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተማሩ። ከመዲናው ታሪክ ጋር የሚመሳሰልበትን እዩት። የሚያውቅ አንድ ሰው ሲኖር፣ የማያውቁትን ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ጀማዓ ሲኖር፣ ትምህርት ሕንጻ አይጠብቅም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በነጻ አደረገ። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በየቀበሌውም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ተቋቋመ። ወላጆች ድንጋይና እንጨት አቅርበው፣ በጉልበታቸው ቆፍረው ክፍል የሠሩበት ቦታ ብዙ ነው።

ነገር ግን ወገኖች፣ እውነቱን እንነጋገር። ትምህርት ቤቱ በነጻ ሲሆን ብዙዎቻችን የእኛ ድርሻ ያለቀ መሰለን። ልጁን ጠዋት ለመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ለመድረሳ አስረክበን እፎይ አልን። የኅብረቱ ስብሰባ ሲጠራ ሥራ አለን አልን። እኛው ራሳችን የልጃችንን ኡስታዝ ስም ሳናውቅ ዓመት ያለፈን ሰዎች ነን። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ታዲያ ልጁ ባዶ ሜዳ ላይ የቀረው አስቀድሞ ቤቱ ከትምህርቱ ስለወጣ ነው።

የየድርሻችን

እኛ ባደግንበት ሰፈር አንዲት ባልቴት ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው። አሊፍን ከባ አይለዩም። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ግን የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው «ዛሬ የያዝከውን ቅራልኝ» ይሉታል። ቢሳሳት አያውቁትም። ሲያቅማማ ግን ያውቁበታል። «ድምፅህ ተሰናከለ፣ ከላይ ጀምር» ይሉታል። ልጁ አያቱ እንደማይችሉ ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። አልተማርኩም፣ ልጄን ምን ላግዘው የሚል ወላጅ ካለ መልሱ እኒህ ሴት ናቸው። ለልጅ የሚያስፈልገው የሚያውቅ ጆሮ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀው ጆሮም ነው።

የቤት ድርሻ ይህ ነው። በየማታው ግማሽ ሰዓት ቴሌቪዥኑም ስልኩም ዝም ይበል። ልጁ ያነበበውን በራሱ ቃል ይንገረን። ይህ ለወንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ሸፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) የምእመናን እናት የሆነችውን ሐፍሷን (ረ.ዐ.) መጻፍ ያስተማረች ሴት ናት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደውላታል። ትምህርት ሲቋረጥ ቀድማ ወደ ጓዳ የምትላከው፣ ለጋብቻም የምትታጨው ሴት ልጃችን ናት። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወንድሟ ይመለሳል፤ እርሷ ግን አትመለስም። ይህን በደል በሰላም እጦት ብቻ አናሳብበው፤ በእጃችን ያለ ነውና።

የመምህሩ ድርሻ ደግሞ ልጁን ማወቅ ነው። የመድረሳ ኡስታዝም ሆነ የመንግሥት መምህር የቀረውን ልጅ ለምን ቀረህ ብሎ ቤቱ ድረስ ቢጠይቅ ከዱላ የበለጠ ያስተምራል። ወላጅም መምህሩ ምን በልቶ እንደሚያድር ይጠይቅ። በየአካባቢው ሥራው ተስተጓጉሎ የተቀመጠ መምህር ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል። ባህላችን ደረሳውንም ሸኹንም የሚያበላ ነበር፤ ሸኹን አስርቦ ልጁን የሚያስቀራ አልነበረም።

የጎረቤትና የጀማዓ ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። 12ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ በየሰፈሩ አትጠፋም። ደብረ ማርቆስ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ከእርሱ የተመረቁ ልጆች በየቤቱ አሉ። ሰላም በሆነበት ሰዓትና ቦታ እያንዳንዳቸው አሥር ልጆችን ይያዙ። ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይለዩ የሰፈሩን ልጆች ይያዙ። አንዱ ክፍል ይስጥ፣ ሌላው ጠመኔ ይግዛ፣ ሌላዋ ንፍሮ ትቀቅል። የመድረሳው ግቢ ለቂርኣት ካልተያዘ ለሂሳብና ለንባብ ይዋል። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የለ!

ይህን ስንል ቤት ትምህርት ቤትን ይተካል ማለታችን አይደለም። ሐኪም፣ መሐንዲስና መምህር የሚወጣው ከተደራጀ ትምህርት ቤት ነው። በየትኛውም ወገን ያለ ሰው ትምህርት ቤትን፣ መምህርንና ተማሪን ከጉዳት መጠበቅ አማናው ነው። እኛ የምንለው በሩ እስኪከፈት ልጁ እንዳይጠፋ፣ ሲከፈትም መግባት የሚችል ሆኖ እንዲጠብቅ ነው።

በመዲና ያን ዕለት ዲርሃሙ ቢመረጥ ኖሮ ገንዘቡ በጥቂት ወራት ባለቀ ነበር። የዘይድ (ረ.ዐ.) ትምህርት ግን ዛሬም በየቤታችን በተቀመጠው ሙስሐፍ ውስጥ አለ። ከሰፈራችን አሥር ልጆች መካከል ማን ዘይድ እንደሆነ አናውቅም። ስለማናውቅም አንዱንም መተው አንችልም።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። ለልጆቻችን ጠቃሚ ዒልም ይወፍቃቸው፤ ለመምህሮቻቸውና ለሚያበሏቸው እጆች ሁሉ አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።